መሰላን የሰጠሁ ዕለት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዳይሬክተራችን አቶ ጀማል አምስት ነገር አስረከቡኝ፦ አንድ ፓኬት ጠመኔ፣ አንድ ዳስተር፣ የስም መጥሪያ፣ የሒሳብ መጽሐፍና አንድ የወይራ አርጩሜ። አራቱን በንብረት መረከቢያው ቅጽ፣ በሞዴል ሃያ ሁለት፣ ፈርሜ ወሰድኩ። አርጩሜው ሞዴል አልነበረውም። ለምን ብዬ ስጠይቅ «እሱ አላቂ ዕቃ ነው» አሉኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። ጭሮን ብዙ ሰው አሁንም አሰበ ተፈሪ ይላት ነበር። እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ ወደ ተወለድኩባት ከተማ የተመለስኩ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ ጢም አላቸው። የተሰጠኝ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማብራሪያው ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ፤ ቁጣው እንደየመምህሩ ነው።

በዚያው በመጀመሪያው ቀን ሰባት ሲባዛ በስምንት ሃምሳ አራት ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ስልሳ ሁለት ተማሪ ጸጥ ብሎ ገለበጠ። ስህተቴን ያየሁት ልሰርዘው ስል ነው። የክፍሉን አለቃ፣ ጢም ካላቸው አንዱን፣ አስነሳሁት።

«ይህን አይተኸው ነበር?»

«አይቻለሁ ቲቸር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ቲቸር ናቸዋ የጻፉት» አለኝ፣ ነገሩ በዚህ ያለቀ ያህል።

ደብተሮቹን ሰብስቤ አየሁ። ሁሉም ሃምሳ አራት ይላሉ። አንድ ብቻ ሃምሳ ስድስት የሚል አገኘሁ፤ ባለቤቱን ብጠይቀው ሲገለብጥ ተሳስቶ ኖሯል። ለአቶ ጀማል ነገርኳቸው። «አጂብ! እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት ያለው ክፍል ደርሶሽ ታማርሪያለሽ?» ብለው ገሠጹኝ።

ያን ሳምንት አርጩሜውን ለዘበኛችን ለኦቦ ሙሜ ሰጠሁትና በር መደገፊያ አደረገው። እኔ ደግሞ አንድ ልማድ ጀመርኩ። በየክፍለ ጊዜው አንድ ስህተት ሆን ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። የያዘ ተማሪ ቆሞ «አገር ይስጡኝ» ይላል፤ እኔም ከተማ እሰጠዋለሁ። ደወል እስኪደወል ማንም ካልያዘው ክፍሉ ለእኔ ከተማ ይሰጣል። እንቆቅልሽ ያልተጫወተ ልጅ የለም፤ በኦሮምኛም ሂቦ ሲጫወቱ የተረታ አገር ይሰጣል። ስለዚህ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ከኋላው ግድግዳ ላይ ካርቶን ሰቀልን፤ ከአንዱ በኩል የቲቸር ከተሞች፣ ከሌላው በኩል የክፍሉ። ተማሪ ሲረታ መጀመሪያ የሚሰጠው ሚኤሶን ነው፤ ከነሙቀቷ ይገላገላታል። ቀጥሎ አሰቦት ይሄዳል። ገለምሶን ለማስለቀቅ ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ። እኔም በበኩሌ ጭሮን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። «የምኖርባትን ሰጥቼ የት ልደር?» እላቸው ነበር።

ሕጉ አንድ ነው፤ ከተማ የሰጠ ሰው ተሳስቻለሁ ብሏል። ይህችን ሕግ ያወጣኋት እኔ ራሴ ነኝ።

በመምህራን ማረፊያ እንዲህ ያለ ጠባይ ያለኝ እኔ ብቻ አልነበርኩም። የባዮሎጂው መምህር በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ተማሪ ይጨብጥ ነበር። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው፤ ሰላምታው አሥሩን ይበላዋል። የጂኦግራፊው መምህር ተማሪዎቹን በወንዝ ስም ይጠራ ነበር፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታየውን ልጅ በጋ በሚደርቀው ወንዛችን ስም ነበር የሚጠራው። እኛ ሦስታችን «ቀልደኞቹ» ተባልን። የተቀሩት የሚያስተምሩት ቁም ነገር ነበር።

የኔ ተማሪዎች እኔንም በስም መጥሪያው መጨረሻ ላይ አስገብተው ይጠሩኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ያረፈደ ወላጅ ያመጣል የሚለው የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው። አንድ ጊዜ ሦስተኛዬ ሞላና አለቃው «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ነገ ከወላጅ ጋር» አለኝ። እናቴን ይዤ መጣሁ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊታቸው ቆመችና «ከልጅነቷም እንቅልፋም ናት፤ እኔ ብያት ብያት ደክሞኛል፤ እናንተው እንደምንም አድርጓት» ብላ ለቅቃኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላረፈድኩም።

እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። እኔም በክረምት ትምህርት ዲግሪዬን ጨርሼ ወደ አስረኛ ክፍል ከፍ አልኩ። ፈቲያን ያገኘኋት እዚያ ነው።

ፈቲያ ከመሰላ መጥታ ጭሮ ውስጥ ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። አባቷ ጫት ያመርታሉ፤ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው። አንድ ቀን ለምን ምሳ ሰዓት ሁሉ እንደምታጠና ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦

«አባቴ ከተማ ማስቀመጥ የሚችለው አንድ ልጅ ነው ቲቸር። ዘንድሮ የኔ ተራ ነው። ከርሞ የወንድሜ ነው። ዘንድሮ ብሔራዊ ፈተናውን ከተፈተንኩ ተፈተንኩ፤ ካልሆነ ተመልሼ የጫት ቅጠል አስራለሁ።»

ይህን ያለችው ሳታማርር ነው። ተራ ተራ ነው፤ የወንድሟን ዓመት የመንካት ሐሳብም አልነበራትም።

መሰላን ክፍሉ ለእኔ የሰጠኝ በመስከረም ነው፤ ፈቲያ ያን ቀን ቀርታ ነበር። በማግስቱ ካርቶኑን አይታ ተቆጣች። «አገሬን ማን ሸጣት?» አለች። ከዚያ ወዲህ ስህተት በያዘች ቁጥር «መሰላን» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ሂርናን እሰጣታለሁ፣ በዴሳን እሰጣታለሁ፤ የሚሰጠውን ከተማ የሚመርጠው ሰጪው ነውና። ሆን ብዬ ነበር። መሰላ በእጄ እስካለች ድረስ ይህች ልጅ ዓይኗን ከሰሌዳው እንደማታነሳ አውቃለሁ። በብልሃቴ እኮራ ነበር።

የፈተናው ምዝገባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ተብሎ ለሁሉም ተነግሯል። አንድ ዓርብ፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ከአቶ ጀማል አንዲት ቁራጭ ወረቀት መጣችልኝ። ፎርሙን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መኪና ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ስለሚነሳ፣ የአስረኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ ነገ ጠዋት ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዞ መጥቶ እንዲመዘገብ ትላለች። ቃል በቃል ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ነገ? ቅዳሜ? ለዚያውም ከነፎቶው? የዕለቱን ስህተት ገና እንዳልጻፍኩ እነሱ ቆጥረዋል፤ እኔ ረስቼዋለሁ። ፈቲያ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ አገር ይስጡኝ! ምዝገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው!»

የዓርብ ጨዋታ መሰለኝ። ደወሉ ይደወላል፣ የጎረቤት ክፍል ወንበር ይንጋጋል፣ እኔም ለቤተ ክርስቲያን መዝሙር ልምምድ ቸኩያለሁ። ዝም እንዲሉልኝ ብዬ «እሺ፣ መሰላን ሰጠሁሽ! በሉ አሁን ዝም በሉ፤ ፎቶውን እንዳትረሱ» አልኩ።

ከ«መሰላ» በኋላ ያልኩትን የሰማ ሰው የለም። ዴስክ ተደበደበ፣ እልልታ ቀለጠ፣ ፈቲያ ዴስክ ላይ ወጥታ በገዛ እጇ ከተማዋን ካርቶኑ ላይ ከእኔ ወገን ወደ እነሱ አዛወረች። እኔም እየሳቅሁ ወጣሁ። ደስ የሚል ቀን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የኤና የሲ ክፍል ተማሪዎች ተሰልፈው ፎርም ይሞላሉ። ከቢ፣ ከእኔ ክፍል፣ ከአርባ ስምንቱ አንድም የለም። ኦቦ ሙሜ ከበሩ መጣ።

«ቲቸር፣ ልጆችሽ የት አሉ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ከተማ የሰጠ ተሳስቻለሁ ብሏል። አርባ ስምንት ልጅ፣ በራሴ ሕግ፣ ማስታወቂያው ሐሰት መሆኑን ከራሴ አፍ ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄዷል።

ኦቦ ሙሜ በሩን በአርጩሜው ደግፎ ወደ ጫት ተራ ሮጠ፤ እኔ በየሰፈሩና በየቤተ ክርስቲያኑ ሮጥኩ። ያገኘሁት ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፦ «ወላሂ ውሸት መስሎን ነው ቲቸር፤ ሰጥተው የለ እንዴ!» ፎቶ ቤቱ በር ላይ ልጆች ተጋፉ። አንዱ በወንድሙ ኮት፣ ሌላው ባልደረቀ ፀጉር ተነሳ። እስከ አምስት ሰዓት ተኩል አርባ ሰባቱ ተገኙ።

ፈቲያ የለችም። ዓርብ ከትምህርት እንደወጣች በአይሱዙ ተጭና መሰላ ሄዳለች አሉኝ። መሰላ ያኔ ስልክ የሚያነሳ ሰው የሚገኝባት ከተማ አልነበረችም። ፎርሙን የሚወስደውን ሾፌር ለመንኩት፤ «ለአንድ ሻይ ያህል እቆምልሻለሁ» አለኝ። ሻዩን ጠጣ፣ ሄደ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጬ ዋልኩ። ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ፈርቻለሁ። ለእሷም ለራሴም ፈርቻለሁ፤ የትኛው እንደበለጠ ግን ለመናገር አልደፍርም።

ሰኞ ጠዋት ከበሩ ላይ ጠበቅኋት። እየሳቀች መጣች። «ቲቸር፣ መሰላን አስለቀቅሁ ብዬ ለአባቴ ነገርኩት። ‹ታዲያ ካሁን ወዲያ ግብር ላንቺ ነው የምንከፍለው?› አለኝ።»

ነገርኳት። ፈገግታዋ አልጠፋም፤ ይህም የዛሬው ስህተት መስሏታል። ደገምኩላት። በሦስተኛው ጊዜ ነው ፊቷ የተለወጠው። አላለቀሰችም። ደብተሯን ከአንዱ ብብቷ ወደ ሌላው አዛወረችና «ታዲያ ወንድሜን ምን ልበለው?» አለች። ጥያቄዋ ዛሬም ድረስ ያመኛል።

አቶ ጀማል ቢሮ ይዣት ገባሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገርን በወረቀት ማስተካከል የሚችሉ ሰው ነበሩ።

«ቀላል ነው» አሉ። «አሟት ነበር እንላለን። ለታመመ ተጨማሪ ዝርዝር ይፈቀዳል። ከጤና ጣቢያ ወረቀት እኔ አስመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። ትምህርት ቤቱም አይነካ፣ አንቺም አትነኪ፣ ልጅቷም ትፈተን።» ለጸሐፊዋ ማስጻፍ ጀመሩ፦ «ተማሪዋ በድንገተኛ ሕመም ምክንያት...» ቀና አሉና ፈቲያን ጠየቋት፤ «ሆድሽን ነው ያመመሽ ራስሽን?»

ፈቲያ እኔን አየች። ሁለቱም ያዩኝ ነበር። እኔ «ሆዷን ነው» አልኩ። ይህን ስጽፍ አላፍርም ብል ውሸት ይሆናል፤ ያን ዕለት ግን ያፈርኩ አልመሰለኝም። የዳንኩ ነው የመሰለኝ።

ልጅቷ ቀስ ብላ፣ በክፍል ውስጥ በምትጠቀምበት ድምፅ፣ «ቲቸር፣ አገር ይስጡኝ» አለች።

አቶ ጀማል «የምን አገር?» አሉ።

ጸሐፊዋ ጣቷን ከታይፕ ራይተሩ አነሳች። ይህች ልጅ በአንድ ውሸት ዓመቷን ማትረፍ ትችላለች፤ ያንን ውሸት ግን ይዛዋለች። እንድትይዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ካርቶኑን በሐሳቤ አየሁት። በእጄ የቀሩኝ ሁለት ወይም ሦስት ከተሞች ነበሩ።

«ጭሮን ሰጠሁሽ» አልኳት።

ከዚያ ለአቶ ጀማል «ደብዳቤውን እኔ ራሴ እጽፋለሁ» አልኳቸው። «ወላሂ፣ ምን እንደነካሽ አላውቅም» ብለው ወረቀቱን ከታይፑ ራሳቸው መዘው አወጡት።

የዞኑ ፈተና ክፍል ኃላፊ ቢሮ ከትምህርት ቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ፈቲያ ከደጅ ደረጃው ላይ ቀረች። ደብዳቤዬ አንድ ገጽ ነበር፤ ሕጉን፣ ካርቶኑን፣ ዓርብን፣ መሰላን፣ ሁሉንም እንደነበረ። ኃላፊው አንብበው ሳቁ። ሁለተኛ ሲያነቡት አልሳቁም።

«መምህርት፣ በሕመም ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ይህንን ግን በየትኛው ምክንያት ላስገባው? ‹ከተማ በመስጠት› የሚል ቦታ ፎርሙ ላይ የለም።»

መመሪያውን አገላበጡ። ለእኔ ያ መመሪያ ሺህ ገጽ ነበረው።

«አንድ ብቻ አለ። በትምህርት ቤቱ ጥፋት የቀረ ተማሪ። ግን ጥፋተኛው በስም ይጠቀሳል፤ ደብዳቤውም ከግል ማኅደርዎ ይያያዛል። እዚያ ከገባ አይወጣም።»

«ተጠቅሷል» አልኩ፤ ስሜን በጣቴ አሳየኋቸው።

ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ ብለው መቱት። ወጥቼ ለፈቲያ ፎቶ እንድትነሳ ነገርኳት። ሄደች። ከደረጃው ላይ ተቀምጬ ሰው እስኪያየኝ አለቀስኩ።

የዲሲፕሊን ውሳኔው በወሩ ደረሰኝ። ጥፋቴ በሁለት ተከፍሏል፦ ሆን ብዬ የተሳሳተ ትምህርት በመስጠቴ፣ እንዲሁም ሥልጣን ሳይኖረኝ የዞኑን ከተሞች ለተማሪዎች በማደሌ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። በሌላ ወረቀት ደግሞ፣ ከማስጠንቀቂያው ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው፣ መቻራ የምትባለው ከተማ የሒሳብ መምህር በአስቸኳይ እንደሚያስፈልጋት ተገለጸልኝ። ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ጭሮ የእኔ አልነበረችም።

የቢ ክፍል ልጆች ስሜን ከስም መጥሪያው አልሰረዙትም። እስከ ሰኔ ድረስ በየቀኑ እየጠሩ «ቀሪ» ብለው ምልክት ሲያደርጉብኝ እንደነበር ኦቦ ሙሜ ነገረኝ። የእኔን ያህል የቀረ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ታሪክ አልነበረም።

መቻራ መንገዷ ያንገላታል፤ ቡናዋ ግን ይክሳል። እዚያም ልማዴን ቀጠልኩ፤ ልዩነቱ ማስታወቂያ ሲመጣ ራሴ አለማንበቤ ነበር፤ የክፍሉን አለቃ አስነብበዋለሁ። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ የክላስተር ሱፐርቫይዘር ፍሊፕ ቻርት ተሸክሞ መጣና ሁላችንንም አሰልፎ «ተማሪ ተኮር አሳታፊ ዘዴ» አስተማረን። ከዘዴዎቹ አንዱ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሆን ብሎ ስህተት መጻፉ ነበር። እጄን አውጥቼ «ይህ በዲሲፕሊን አያስጠይቅም?» አልኩት። «ኧረ እንዲያውም ነጥብ ያሰጣል» አለኝ። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። የተሳትፎ ሰርተፍኬትም ተሰጠኝ፤ ከግል ማኅደሬ ውስጥ ከማስጠንቀቂያው ቀጥሎ ተቀምጧል።

ፈቲያ ፈተናውን ተፈተነች። በሒሳብ ሲ አገኘች፤ እኔ ቢ ጠብቄ ነበር። ያን ያህል ከተማ ሰብስባ ሲ። ቢሆንም አለፈች፤ ወንድሟም ተራውን አላጣም። እሷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆነች።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ጭሮ መናኸሪያ ውስጥ አገኘኋት። የክትባት ሳጥን በትከሻዋ አንጠልጥላለች፤ ወፍራለች፤ ድምፅዋ ያው ነው። ሥራ እንዴት ነው አልኳት።

«ጥሩ ነው ቲቸር። አለቃዬ ግን አይወደኝም። ሪፖርት ሲደርስ ‹ያልተከተቡትንም ተከተቡ ብለሽ ሙዪ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው› ይለኛል። እኔ አልችልም። ሦስት ቀበሌ ቀያየሩኝ።» ሳጥኗን አስተካከለችና ሳትስቅ «የእርስዎ ጥፋት ነው» አለችኝ።

አውቶቡሷ ተነሳ።

ለጀማሪ መምህራን የምነግራቸው ይህን ብቻ ነው። ስህተት መያዝ የተማረ ልጅ ከክፍል ከወጣ በኋላም መያዙን አያቆምም፤ ዋጋውንም ይከፍላል። ይህን አውቀው ይጀምሩት።